ስለ ኑግና ስለ ተምር ስንቅ አዘገጃጀት

ኑግ ለዘይት ብቻ የሚዘራ አይደለም፤ በየቤቱ ጭብጦና ልጥልጥ እየተባለ ለልጆች ሲሠራ የኖረ ነው። ይህንኑ በማርና በተምር አሻሽሎ ለመንገደኛና ለተማሪ ስንቅ ማድረግ ይቻላል።

አንድ ጣሳ ኑግ ተለቅሞና ተነፍቶ በለስላሳ እሳት ይታመሳል፤ ካረረ ይመርራልና ሲንጣጣ ወዲያው ይወርዳል። ከዚያም ተወቅጦ፥ ከሁለት ጣሳ የተወቀጠ የገብስ ቆሎ፥ ፍሬው ወጥቶ ከተከተከተ ተምርና ከጥቂት ጨው ጋራ በማር ይለወሳል። ማሩ ለማያያዝ ያህል ይበቃል። በገበታ ላይ ተጠፍጥፎ ካደረ በኋላ በቢላዋ ይቆረጣል።

ዋናው ጥንቃቄ በአቀማመጡ ነው። ኑግ ዘይቱ ብዙ ስለ ሆነ ከተወቀጠ በኋላ ፈጥኖ ይበላሻል፤ እርጥበት ከነካውም ይሻግታል። ስለዚህ ሳይወቀጥ በደረቅ ጎታ ተቀምጦ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይሠራ። የሻገተውን ፍቆ ለሠራተኛ መስጠት በሽታ ማደል ስለ ሆነ፥ ሳይታይ ስንቅ ከጎተራ ሊወጣ አይገባም። ማር ስላለበትም አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም።