አልፎ አልፎ የሚጠፋ የሞተር ብስክሌት እሳት ምክንያቱ እንዴት እንደሚመረመር

በምዕራብ ኦሞ ከቱም ወደ ማጂ የሚወጣውን ዳገት በክረምት ጭቃና በጉም ውስጥ በአሮጌ ሞተር ብስክሌት የሚመላለሱ ሰዎች አሉ። መምህሩ የፈተና ወረቀት ይዞ፥ የጤና ሠራተኛውም የክትባት ሣጥን ተሸክሞ ይሄድበታል። ብዙው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ እንዲቆይ ግድ ስለ ሆነ፥ ሞተሩ በመንገድ ቆሞ ቀኑ የመሸ እንደ ሆነ የሚጠፋው የአንድ ቀን ጉዞ ብቻ አይደለም፤ እናቶች ሕፃናታቸውን አዝለው ሲጠብቁ ውለው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

ፈጽሞ አልነሣም ያለ ሞተር ሕመሙ ለመካኒክ ቀላል ነው፤ የተሰበረው ወይም የተቃጠለው ዕቃ እዚያው አለና። የሚያስቸግረው ግን አንድ ሰዓት ደኅና ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ዝም የሚል፥ ጥቂት ካረፈ በኋላም ምንም እንዳልሆነ የሚነሣው ነው። እንደዚህ ያለው ሞተር በመኪና ተጭኖ ሚዛን ተፈሪ በደረሰ ጊዜ በአንድ እርግጫ ይነሣል። መካኒኩም ሕመሙን ስላላየው በግምት ካርቡራቶር ያስለውጣል፥ ወይም ሌላ ዕቃ ያስገዛል። ባለቤቱ ገንዘቡን ከፍሎ ሲመለስ ሞተሩ በዚያው ዳገት ላይ ይቆማል። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ሕመም መመርመር የሚገባው በቆመበት ቦታ፥ በቆመበትም ደቂቃ፥ ሳይቀዘቅዝ ነው።

ለመመርመር አስቀድሞ እሳቱ ከወዴት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በብዙ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ማግኔት የተተከለበት መንኰራኵር በጥቅል ሽቦ አጠገብ ሲዞር ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ኮንታክት የሚባሉት ሁለት ትናንሽ ጥርሶች በሚላቀቁበት ቅጽበት ቦቢና የተባለው ጥቅል ሽቦ ኃይሉን ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ከፍ ያደርገዋል። ኃይሉም በወፍራሙ ሽቦ ወደ ካንዴላው ይወርድና በጫፉ ባለው ክፍተት ላይ ሲዘል የተጨመቀውን የቤንዚን እንፋሎት ያቃጥለዋል። በከፍተኛ ቮልት የሚሠራውን ማግኔት በጀርመን አገር በሮበርት ቦሽ ፋብሪካ ጎትሎብ ሆኖልድ የተባለው መሐንዲስ በ1902 ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር አዘጋጅቶታል። በኋላ በተሠሩት ሞተሮች በኮንታክቱ ፈንታ ሲ.ዲ.አይ. የሚባል ትንሽ የታሸገ ሣጥን ገብቷል፤ የምርመራው አካሄድ ግን ብዙ አይለወጥም።

ሞተሩ በቆመ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ የጠፋው እሳት ነው ወይስ ቤንዚን የሚለው ነው። ቤንዚን ያጣ ሞተር ብዙ ጊዜ እየተንገታገተና እየደከመ ይቆማል፤ እሳት ያጣው ግን መብራት እንደ ጠፋ ያህል በአንድ ጊዜ ዝም ይላል። ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ መፍረድ አይገባም። የሰልባትዮው ክዳን መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ የተደፈነ እንደ ሆነ፥ አየር ስለማይገባ ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል፤ ጥቂት ሲያርፍ አየሩ ቀስ ብሎ ይገባና ሞተሩ ይነሣል። ይህም በሙቀት ከሚታመም ቦቢና ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው አሳስቷል። ክዳኑ ጥቂት ተከፍቶ ሲዘጋ ሞተሩ የተነሣ እንደ ሆነ አስቀድሞ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ መጥረግ ነው፤ ለዚህ የሚወጣ አንድ ሳንቲም የለም።

በዚህ ያልተነሣ እንደ ሆነ ክዳኑ በደንብ ተዘግቶ ካንዴላው ይፈታል። የጋለ ስለ ሆነ በጨርቅ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ ኮፍያው ይመለስና የብረት አካሉ የሞተሩን ብረት አጥብቆ እንዲነካ ተደርጎ፥ ከተፈታበት ቀዳዳ ራቅ ብሎ፥ ማስነሻው ይረገጣል። ከቀዳዳው የሚወጣው የቤንዚን እንፋሎት እሳት ሊይዝ ይችላልና መራቁ ግድ ነው። ካንዴላው ብረቱን ሳይነካ መርገጥም አይገባም፤ ኃይሉ መውጫ ሲያጣ ቦቢናውን ወይም ሣጥኑን ይጎዳል። በጥላ ሲታይ ሰማያዊና ድምፁ የሚሰማ ብልጭታ ደኅና ነው፤ ቀጭንና ቢጫ የሆነው ደካማ ነው። ምንም ያልታየ እንደ ሆነ ደኅንነቱ የታወቀ ሌላ ካንዴላ ይሞከራል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ካንዴላ ከመፍቻው ጋር ከኮርቻው ሥር ሊታጣ አይገባውም።

በአዲሱ ካንዴላም እሳት ከታጣ ቀጥሎ የሚጠረጠረው የማጥፊያው ሽቦ ነው። ማግኔት ባለው ሞተር ይህ ሽቦ የሚያጠፋው እሳቱን ወደ ሞተሩ አካል አውርዶ ነው። ሽቦው ከመሪው ሥር ተፈግፍጎ ከተላጠ፥ መሪው በታጠፈ ወይም መንገዱ በናጠው ቁጥር አካሉን እየነካ ሞተሩን ያጠፋዋል። ሽቦው ከመጋጠሚያው ተላቅቆ፥ ጫፉም ብረት እንዳይነካ ተጠቅልሎ እሳቱ ከተመለሰ በደለኛው ተገኘ። በዚህ ጊዜ ሞተሩ በቁልፍ ስለማይጠፋ፥ ማርሽ አስገብቶ ፍሬን እንደ ያዙ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ ይቆማል።

የቀረውን ጊዜው ይናገራል። በዝናብና በጉም ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ውኃ በኮፍያው ወይም በተሰነጠቀው ወፍራም ሽቦ ላይ መንገድ አግኝቷል፤ ማታ በጨለማ ሞተሩ ሲሠራ ቢመለከቱት እሳቱ በሽቦው ላይ ሲሳብ ይታያል። አንዳንዴ የሽቦውን ጫፍ ግማሽ ሣንቲሜትር ቆርጦ ኮፍያውን እንደገና ማጥበቅ ይበቃል። ከጋለ በኋላ ብቻ የሚጠፋው ግን ቦቢናው፥ ኮንደንሰሩ ወይም በመንኰራኵሩ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ነው። በውጭ ባለው ቦቢና ላይ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎ፥ ውኃው ወደ ካንዴላው ሽቦ ሳይንጠባጠብ፥ እሳቱ ከወትሮው ፈጥኖ ከተመለሰ ጥርጣሬው በእርሱ ላይ ይበረታል። ኮንታክቱ ተቃጥሎ የጠቆረ እንደ ሆነ ደግሞ ኮንደንሰሩ ይጠረጠራል። የኮንታክቱ ክፍተት በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ የሠሪው መጽሐፍ ካለ ግን የእርሱን ልክ መከተል ነው።

በአንድ ጊዜ ሁለት ዕቃ መለወጥ እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሞተሩ ቢድን እንኳ ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅምና ደኅናው ዕቃ ይጣላል። ሞተሩ የቆመበት ሰዓት፥ ዝናብ ወይም ፀሐይ መሆኑ፥ የእሳቱ መልክ፥ ስንት ደቂቃ አርፎ እንደ ተነሣ በደብተር ሊጻፍ ይገባል። ሞተሩ የማኅበር ከሆነ ገንዘቡን የሚፈቅዱት ሽማግሌዎች ለዕቃ ብር ከማውጣታቸው በፊት ይህን ደብተር ቢጠይቁ መልካም ነው። ጥገናው ካለቀ በኋላም ሞተሩ በሜዳ ሳይሆን በዚያው በቆመበት ዳገት፥ በልማዱ ጭነት፥ ለመጥፋት ይወስድበት ከነበረው ጊዜ በላይ ተነድቶ ይፈተናል፤ የክትባቱ ሣጥን የሚጫንበት ከዚያ ወዲያ ነው።