ዶሜይኑ ሰዓት ሲስት

ቦሌ መንገድ ዳር ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ መብራት ጠፍቶ፣ ዩፒኤሱ ደክሞ፣ ጄኔሬተሩም አልነሳ ብሎ ሰርቨሮቹ ድንገት ቢዘጉ፣ የአይቲ ባለሙያው ፈተና የሚጀምረው መብራቱ ሲመለስ ነው። ሆስቶቹ ይነሳሉ፣ ቨርቹዋል ማሽኖቹም አረንጓዴ ያሳያሉ። ከየቢሮው ግን «ፓስወርዴን አልቀበል አለኝ» የሚል ስልክ ይደወላል። ፓስወርዱ ምንም አልሆነም። የዶሜይን ኮንትሮለሩ ሰዓት ስቷል።

አክቲቭ ዳይሬክተሪ ተጠቃሚን የሚለየው በከርቤሮስ ነው። ከርቤሮስ ደግሞ ካልተቀየረ በስተቀር በተጠቃሚው ኮምፒውተርና በዶሜይን ኮንትሮለሩ መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይታገሥም። ሰርተፊኬትም መነሻና ማብቂያ ቀን አለው፤ የተሰረዙ ሰርተፊኬቶች ዝርዝርም እንዲሁ። በቨርቹዋል ሰርቨር ላይ የመግቢያና የሰርተፊኬት አገልግሎት የሚያስተዳድር ሰው ውሎ አድሮ ሰዓት ጠባቂ የሚሆነው ለዚህ ነው። በጎሮ በኩል ባለው አይሲቲ ፓርክ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ ዳታ ሴንተሮች ስለተከፈቱ የመብራቱን ጣጣ ለእነሱ መተው ይቻላል። የሰዓቱ ጣጣ ግን ከቨርቹዋል ማሽኑ ጋር አብሮ ይጓዛል።

መነሻው ቀላል ነው፦ ሁለት ዶሜይን ኮንትሮለር በሁለት የተለያዩ ሆስቶች ላይ ይተከላል፣ ሁለቱም ከሌሎች ማሽኖች ቀድመው እንዲነሱ ይደረጋል። ሆስቶቹ የዶሜይኑ አባል ከሆኑ የሎካል አድሚኑ ፓስወርድ በወረቀት ተጽፎ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ቀጥሎ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ሲነሳ ሰዓቱን የሚያገኘው ከሆስቱ ነው። ሆስቱ የዶሜይኑ አባል ስለሆነ ከዶሜይን ኮንትሮለሩ ይጠይቃል። ዶሜይን ኮንትሮለሩ ያለው እዚያው ሆስት ላይ ነው። እንዲህ እርስ በርስ እየተጠያየቁ ተያይዘው ይስታሉ፤ ሁለቱም ስለሚስማሙም ስህተቱ ቶሎ አይታይም።

ይህን ክብ ይቁረጡት። በሃይፐር-ቪ ላይ የዶሜይን ኮንትሮለሩን ሴቲንግ ከፍተው በኢንተግሬሽን ሰርቪስስ ሥር ያለውን የታይም ሲንክሮናይዜሽን ምልክት ያንሱ። ቪኤምዌር ላይ በየጊዜው ሰዓት የሚያስተካክለውን ምልክት ማንሳት ብቻውን አይበቃም፤ ማሽኑ ከሆስት ወደ ሆስት ሲዛወር፣ ስናፕሾት ሲመለስ ወይም ቆሞ ሲቀጥል ቪኤምዌር ቱልስ ሰዓቱን መልሶ ይነካዋል። ከቪስፌር 7.0 አፕዴት 1 ወዲህ ለዚህ ራሱን የቻለ ምልክት አለ፤ በቀደሙት ላይ በአድቫንስድ ኮንፊገሬሽን አንድ በአንድ መዝጋት ግድ ነው። ከዚያ የፒዲሲ ኢሙሌተር ሚና የያዘውን ዶሜይን ኮንትሮለር ብቻ ከውጭ ኤንቲፒ ጋር ያገናኙ፤ ፋየርዎሉ ላይ የዩዲፒ ፖርት 123 ይከፈት። ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ። ሆስቶቹንም ከዚያው የውጭ ምንጭ ጋር ያገናኙ።

ጨርሻለሁ ከማለትዎ በፊት በፒዲሲ ኢሙሌተሩ ላይ የዊንዶውስ የሰዓት አገልግሎት ምንጩ ማን እንደሆነ ይጠይቁት። መልሱ «ቪኤም አይሲ ታይም ሲንክሮናይዜሽን ፕሮቫይደር» ከሆነ ገና ከሆስቱ እየወሰደ ነው። «ሎካል ሲሞስ ክሎክ» ካለ ደግሞ ከማንም አልተገናኘም። ኤንቲፒ ሰርቨሩን በስሙ እስኪጠራ ድረስ ወደ ሌላ ሥራ አይለፉ።

እዚህ ላይ የእኛው አገር ጉዳይ ይገባል። የዊንዶውስ የሰዓት ቀጠና ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የለችም፤ የሚመረጠው ናይሮቢ ነው። ይህን ያላወቀ፣ ወይም ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይቶ ለማስተካከል የተቻኮለ ሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሆስቱን 3:00 ብሎ ይሞላዋል። ማሽኑ 9:00 ማለት ሲገባው 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። ሰርተፊኬት ሰጪው ለሰዓት መዛባት ብሎ የእያንዳንዱን ሰርተፊኬት መነሻ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ያደርገዋል እንጂ 6 ሰዓት አይሸፍንም፤ ስለዚህ አሁን የተሰጠ ሰርተፊኬት ወደ ኋላ በቀረው ማሽን ላይ «ጊዜው ገና ነው» ተብሎ ይመለሳል። ዶሜይን ኮንትሮለር ደግሞ በአንድ ጊዜ እስከ 48 ሰዓት የሚደርስ የሰዓት እርማት ሳይጠይቅ ስለሚቀበል የ6 ሰዓት ስህተት በቀላሉ ያልፋል። ይህን ጣሪያ በሬጂስትሪው ውስጥ ወደ 1 ሰዓት ዝቅ ማድረግ ይመረጣል። ዋጋ አለው፤ ማሽኑ ስቶ ከተነሳ ትክክለኛውንም እርማት አልቀበልም ስለሚል በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል። ዶሜይኑ በሙሉ ተያይዞ ከሚስት ግን ይህ ይሻላል።

ስናፕሾትም የሰዓት ጉዳይ ነው፦ ማሽኑን ወደ ትናንት ይመልሰዋል። ወደ ትናንት የተመለሰ ዶሜይን ኮንትሮለር ጓደኛው የሚያውቃቸውን ለውጦች ቁጥር እንደ አዲስ ይሰጣል፣ ሬፕሊኬሽኑም ይበላሻል፤ በኢቨንት ሎጉ ላይ 2095 የሚል ቁጥር የሚታየው ያኔ ነው። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ወዲህ ሃይፐርቫይዘሩ መመለሱን ለማሽኑ የሚነግርበት መንገድ ቢኖርም፣ ስናፕሾትን እንደ ባክአፕ አይቁጠሩት።

ወደ ሰርተፊኬት እንለፍ። ሰርተፊኬት ሰጪውን ዶሜይን ኮንትሮለሩ ላይ አይጫኑት፤ ሰርተፊኬት ሰጪው ቀድሞ ካልተራገፈ ዶሜይን ኮንትሮለሩን ከሚናው ማውረድ አይቻልም። የተለመደው አሠራር ሁለት ደረጃ ነው፦ ከኔትወርክ ውጭ ተዘግቶ የሚቀመጥ ሥር፣ ከሥሩ ደግሞ ለሠራተኛውና ለማሽኑ በየቀኑ የሚሰጥ ሁለተኛ። ሥሩን ቨርቹዋል ማሽን አድርጎ ስቶሬጁ ላይ ማስቀመጥ አይመከርም፤ የዲስክ ፋይሉን መቅዳት የሚችል ሁሉ ቁልፉን ቀዳ ማለት ነውና። ዲስኩ ኢንክሪፕት የተደረገ አሮጌ ላፕቶፕ ካዝና ውስጥ ቢቆለፍ ከዚያ ይበልጣል።

ግን ላፕቶፑም ሰዓት አለው። ለዓመት ተቆልፎ የሲሞስ ባትሪው ካለቀ፣ ሲከፈት ቀኑ ከዓመታት በፊት ላይ ይሆናል፤ በዚያ ቀን የሚፈርመው የስረዛ ዝርዝርም ሲወለድ የሞተ ነው። ከመፈረምዎ በፊት ቀኑን ከስልክዎ ጋር ያስተያዩ።

የስረዛ ዝርዝሩ ሁለተኛው ትልቅ ወጥመድ ነው። ሥሩ ሲጫን የዝርዝሩ ዕድሜ ካልተቀየረ 1 ሳምንት ብቻ ነው፤ አብዛኛው ባለሙያ ወደ 26 ወይም 52 ሳምንት ያራዝመዋል፣ ከዚያም ይረሳዋል። ዝርዝሩ ጊዜው ሲያልፍ ወዲያው ምንም ላይታይ ይችላል። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሳ ግን ሁለተኛው ሰርተፊኬት ሰጪ «የስረዛ ሰርቨሩ አልተገኘም» ብሎ አልጀምርም ይላል። ባለሙያውም ኔትወርኩን ሲፈትሽ ይውላል፤ ኔትወርኩ ጤነኛ ነው። ማብቂያውን በቀን መቁጠሪያ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉት፤ ማስታወሻውም ከአንድ ወር በፊት ይሁን። በጭንቅ ጊዜ ይህን ፍተሻ ችላ የሚያስብል ቅንብር አለ፤ አዲሱ ዝርዝር እንደገባ መልሰው ያጥፉት።

የሰርተፊኬት ቴምፕሌቶቹንም ይመልከቱ። የደህንነት ኩባንያው ስፔክተርኦፕስ በ2021 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ለመግቢያ የሚያገለግል ሰርተፊኬት የሚሰጥ ቴምፕሌት ጠያቂው ስሙን ራሱ እንዲሞላ ከፈቀደ፣ ማንኛውም ሠራተኛ የአድሚኑን ስም ሞልቶ አድሚን ሆኖ ሊገባ ይችላል። ይህን የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ፤ ካስፈለገም የሚጠይቀውን ቡድን ያጥብቡ።

የቢሮው ሰርተፊኬት በግቢው ውስጥ ነው የሚሠራው። ውል መፈረም ሲመጣ ጉዳዩ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ይሆናል፤ በእሱ መሠረት የአገሪቱ ሥር ሰርተፊኬት ሰጪ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው።

የቀረው ባክአፕ ነው፦ የሰርተፊኬት ሰጪው ቁልፍ፣ ዳታቤዝና የሬጂስትሪ ቅንብር ከሆስቶቹ ውጭ ለየብቻ ይቀመጡ። ከዚያ አንድ እሁድ ጠዋት ሁሉንም አጥፍተው ያስነሱ፤ መጀመሪያ የሚያዩት የሰዓቱን ምንጭ፣ ቀጥሎም የስረዛ ዝርዝሩን ማብቂያ ይሁን።