የአሠራር መመሪያ አጻጻፍ፦ ሕመምን በኤሌክትሪክ ስለ ማስታገስ

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው የድርሰት ዓይነት የአሠራር መመሪያ ነው። መመሪያ እንደ ታሪክ ወይም እንደ ሐተታ አረፍ ብለው የሚያነቡት ጽሑፍ አይደለም። አንባቢው በአንድ እጁ ወረቀቱን፣ በሌላው እጁ መሣሪያውን ይዞ፣ እያነበበ ይሠራል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ አራት ነጥብ ላይ ሳይደርስ እጁ ሊቀድም ይችላል። ይህን ሳታስቡ የምትጽፉት መመሪያ፣ ሰዋስዉ የተስተካከለ ቢሆን እንኳ፣ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ለምሳሌ የሚሆነን ጉዳይ ይህ ነው። አንዲት አያት የጉልበት ቁርጥማት አለባቸው። ሐኪም መርምሮ ሕመሙ ከመገጣጠሚያ መበላት የመጣ መሆኑን ነግሯቸዋል፤ ቴንስ በሚባለው መሣሪያ ቢጠቀሙም ፈቅዶላቸዋል። መሣሪያውን በውጭ አገር የሚኖር ልጃቸው ላከላቸው። አብሮት የመጣው መመሪያ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። አያቲቱ አማርኛ ያነባሉ፤ ቀን ቀን ብቻቸውን ይውላሉ። መመሪያውን በአማርኛ የሚጽፍላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። በዚህ ትምህርት ውስጥ እናንተ በእርሱ ቦታ ናችሁ።

ጸሐፊው አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ አለበት። ቴንስ፣ ነርቭን በቆዳ በኩል በኤሌክትሪክ ማነቃቃት የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ስም ምኅጻረ ቃል ነው። መሣሪያው በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ ሳጥን ሲሆን የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው። ከሳጥኑ የሚወጡት ሽቦዎች ጫፋቸው ላይ ቆዳ የሚይዙ ልጣፎች አሏቸው። በልጣፎቹ መካከል፣ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ ከ50 እስከ 100 ጊዜ የሚደጋገም ደካማ የኤሌክትሪክ ምት ያልፋል።

ይህ እንዴት ሕመም ያስታግሳል? ክርናችሁ ከበር መቃን ጋር ሲላተም ወዲያው በሌላው እጃችሁ ታሹታላችሁ፤ ሲታሽም ጥቂት ይሻለዋል። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጽሑፍ ለዚህ ምክንያት ሰጡ። የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት በሕብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር ያለ መቆጣጠሪያ ያልፋል፤ የመዳሰስን ስሜት የሚያመጡት ወፍራም ነርቮች ሲነቃቁ በሩ ጠበብ ይላል፤ በቀጫጭኖቹ ነርቮች የሚመጣው የሕመም መልእክትም ይቀንሳል አሉ። የዘመናችን ምርምር ነገሩ ከዚህ የተወሳሰበ መሆኑን ቢያሳይም፣ የበሩ ምሳሌ ለማስረዳት ዛሬም ያገለግላል። ሐሳቡ ግን ከሳይንሱ እጅግ ይቀድማል። በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው የሮማ ሐኪም ስክሪቦኒዩስ ላርጉስ፣ በሪህ የታመመ ሰው በሕይወት ያለ የኤሌክትሪክ ዓሣ ከእግሩ ሥር አድርጎ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ እስኪደነዝዝ ድረስ በባሕር ዳርቻ እንዲቆም ያዝዝ ነበር። ዓሣው መዘውር ስላልነበረው መጠኑን የሚወስነው ዓሣው ራሱ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ቃላት ምርጫ እንመለስ። «ቴንስ የጉልበት በሽታን ያድናል» ብላችሁ ብትጽፉ ሐሰት ጻፋችሁ። መሣሪያው የተበላውን መገጣጠሚያ አይጠግንም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት 381 የሙከራ ጥናቶችን አሰባስቦ መርምሮ፣ ሕመሙ የሚቀንሰው መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜና ከዚያ በኋላ ወዲያውኑ መሆኑን ገልጿል። በሌላ በኩል ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ለወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ሐኪሞች ቴንስን እንዳያቀርቡ መክሯል። ስለዚህ ትክክለኛው ግሥ «ያድናል» ወይም «ይፈውሳል» ሳይሆን «ሊያስታግስ ይችላል» የሚለው ነው። «ይችላል» የምትለው ቃል እዚህ ላይ ለማሳመር የገባች አይደለችም፤ አያቲቱ አልሻል ቢላቸው ጥፋቱ የእርሳቸው መስሏቸው ኃይሉን ከመጠን በላይ እንዳይጨምሩ የምታደርገው እርሷ ናት።

የሚሰማውን ስሜት ለመግለጽ አማርኛችን ድሀ አይደለም። ውጋት፣ ቁርጥማት፣ ፍልጠት፣ ጥዝጣዜ፣ ቁርጠት እያልን የሕመምን ዓይነት በአንድ ቃል እንለያለን። መሣሪያው የሚሰጠውን ስሜት ግን ከእነዚህ በአንዱ ብትጠሩት አያቲቱ ሕመም ይጠብቃሉ። «ኮረንቲ ይሰማዎታል» ብትሉ ደግሞ ይባስ ብለው ሳጥኑን አይነኩትም። «እግርዎ ደንዝዞ ሲለቅዎ እንደሚሰማዎ ያለ ንዝረት» ብትሉ ግን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

ቀጥሎ እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ. ልጣፎቹን ከማንሣትዎ በፊት መሣሪያውን ያጥፉ።
ለ. መሣሪያውን አጥፍተው ልጣፎቹን ያንሡ።

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያዙትም አንድ ነገር ነው። ነገር ግን በ«ሀ» ላይ ዓይን አስቀድሞ የሚያገኘው ማንሣትን ነው፤ እጅም ወደዚያው ይሄዳል። በ«ለ» ላይ የቃላቱ ቅደም ተከተልና የሥራው ቅደም ተከተል አንድ ነው። ይህን ያደረገልን «አጥፍተው» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ነው። ቦዝ አንቀጽ ፊተኛውን ሥራ ከኋለኛው አስቀድሞ ያስቀምጣል፤ ማሠሪያ አንቀጹም መጨረሻ ላይ ይመጣል። ለመመሪያ ጸሐፊ ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ በቋንቋችን የለም ብንል ማጋነን አይሆንም።

በጽሑፋችን የፊደል መጥበቅና መላላት የማይታይ መሆኑንም አስቡ። «ልጣፉ አይነካም» የሚለው ላልቶ ሲነበብ ልጣፉ ሌላ ነገር አይነካም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ማንም ሊነካው አይገባም ማለት ነው። አያቲቱ የትኛውን ያንብቡ? «መሣሪያው ሲሠራ የልጣፉን ፊት በእጅዎ አይንኩ» ብትሉ ጥርጥሩ ይወገዳል። እንደዚሁም «ይለጥፉ» እና «አይለጥፉ» የሚለያዩት በአንዲት «አ» ብቻ ስለሆነ፣ ዓይኑ ለደከመ አንባቢ ክልከላውን «ፈጽሞ» በሚለው ቃል አጠንክሩት።

ማስጠንቀቂያ ከየት ይግባ? ከሥራው በፊት እንጂ በገጹ ግርጌ አይደለም። ምክንያቱም አብሮ ይነገር። «በአንገት ላይ አይለጥፉ» ብቻ ከሚባል ይልቅ፣ የደም ግፊትንና የልብ ምትን የሚቆጣጠሩ ነርቮች በአንገት ስለሚያልፉ፣ የጉሮሮ ጡንቻም ሊኮማተር ስለሚችል ቢባል ሰው ይታዘዛል። ደግሞም ጎረቤት መሣሪያውን መዋሱ አይቀርም። የልብ ምት ማስተካከያ በደረቱ ውስጥ የተቀበረለት ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ የሚጥል በሽታ ያለበትና የሕመሙ ምክንያት ገና ያልታወቀለት ሰው ሐኪም ሳያማክሩ ሊጠቀሙበት አይገባም። ይህ ቃል በወረቀቱ አናት ላይ በጉልህ ይጻፍ።

በአንቱታ ረገድ የልጅ ልጁ በቃል «አንቺ» የሚላቸው ቢሆን እንኳ፣ ወረቀቱ በሌላ ሰው እጅም ስለሚገባ በ«እርስዎ» ቢጽፈው ይሻላል። ትእዛዙም ስለዚህ በዘንድ አንቀጽ ይሆናል፤ «አጥፊ» ሳይሆን «ያጥፉ» ማለት ነው። የሚከተለውን አርአያ አንብቡ።

«እማማ፤ ይህን መሣሪያ የሚጠቀሙበት ለጉልበትዎ ብቻ ነው። በአንገትዎ፣ በራስዎና በደረትዎ ላይ ፈጽሞ አይለጥፉት። ከውኃ አጠገብ ሆነው ወይም ሊተኙ ሲሉ አይጠቀሙበት። የጉልበትዎ ቆዳ ከቆሰለ ወይም ሲነኩት ካልተሰማዎ ይተዉት። ጉልበትዎን በውኃና በሳሙና ታጥበው ያድርቁት፤ ቅባት አይቀቡ። መሣሪያው መጥፋቱን አይተው ሁለቱን ልጣፎች ከጉልበትዎ ግራና ቀኝ ይለጥፉ፤ እንዳይነካኩ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ያራርቋቸው። መሣሪያውን ከፍተው መዘውሩን ከዜሮ ጀምረው በቀስታ ያዙሩ። እግርዎ ደንዝዞ ሲለቅዎ እንደሚሰማዎ ያለ ንዝረት ጠንከር ብሎ፣ ነገር ግን ሳያምዎ፣ ሲሰማዎ ያቁሙ። ካመመዎ ወይም ጡንቻዎ ከተኮማተረ ወደ ኋላ ይመልሱት። 30 ደቂቃ ሲሞላ መዘውሩን ወደ ዜሮ መልሰው፣ መሣሪያውን አጥፍተው፣ ልጣፎቹን ጫፋቸውን ይዘው በቀስታ ያንሡ። ቆዳዎ ቀልቶ ወይም አሳክኮዎት ካልተወዎ እንደገና አይለጥፉ፤ ስመጣ ይንገሩኝ።»

መልመጃ

1. በቦዝ አንቀጽ እየተጠቀማችሁ የሥራው ቅደም ተከተል እንዲታይ አድርጋችሁ ጻፉ፦ «ኃይሉን ከመጨመርዎ በፊት ልጣፎቹ በደንብ መያዛቸውን ይዩ።» «የባትሪ ድንጋዩን ከመለወጥዎ በፊት ልጣፎቹን ከሰውነትዎ ያንሡ።»

2. «ይሰማል»፣ «ይመታል»፣ «ይገባል» የሚሉት ቃላት ሲላሉና ሲጠብቁ የሚሰጡትን ትርጉም በዓረፍተ ነገር አሳዩ።

3. አርአያው ማንበብ ለማይችሉ፣ ሌላ ሰው አንብቦላቸው ለሚሰሙ ሽማግሌ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ የትኛው ዓረፍተ ነገር ያጥር፣ የትኛውስ ይደገም ነበር? እንደገና ጻፉትና ለጓደኛችሁ ጮክ ብላችሁ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቡለት፤ የቀረበትንም ነገር ጠይቃችሁ መዝግቡ።