የባለታሪክን መጨረሻ አስቀድሞ መገመት፦ ለንባብ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ትምህርት

ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ሁሉ፣ ይወቀውም አይወቀውም፣ ይገምታል። ገጹን እየገለጠ «ይህች ልጅ መጨረሻዋ ምን ይሆን? ይህስ ኩሩ ሰው በምን ይወድቅ ይሆን?» እያለ ራሱን ይጠይቃል። ግምቱ ሲሰምርለት ደስ ይለዋል። ሳይሰምርለት ሲቀር ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ «ምኑን ነው ያላየሁት?» ይላል። ተራውን አንባቢ አስተዋይ አንባቢ የሚያደርገው ይኸው የኋለኛው ጥያቄ ነው። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ አንድ መምህር ይህን ዝንባሌ በክፍል ውስጥ እንዴት ሊጠቀምበት እንደሚችል እንመለከታለን።

በጎብዬና በቆቦ ሜዳ ላደገ ሰው መገመት እንግዳ ነገር አይደለም። ጎሊናንና ሆርማትን የመሰሉ ወንዞች የሚወርዱት ከምዕራቡ ደጋ ነው። ስለዚህ ሜዳው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ወደ ደጋው አሻቅቦ ደመናው ሲጠቁር ያየ ገበሬ ጎርፍ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ውሃውን ወደ ማሽላው የሚመልስበትን ቦይ ይጠርጋል። ይህ ሰው ጠንቋይ አይደለም። ምልክት ያያል፣ ምልክቱን ከዚህ በፊት ካየው ጋር ያዛምዳል፣ ከዚያም ይፈርዳል። ጎርፉ ሳይመጣ ቢቀር እንኳ «ነፋሱ ደመናውን ወሰደው» ብሎ ምክንያቱን ይናገራል እንጂ ዝም ብሎ አያልፈውም። የልብ ወለድ አንባቢም ሥራው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ምሳሌያችን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው

ለትምህርታችን ምሳሌ የምናደርገው የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ኋላም ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት በተከታታይ ተረከው። ማንበብ የማይችለውም ሰው ሳይቀር ከአንዱ ክፍል እስከ ቀጣዩ «ሰብለና በዛብህ ምን ይሆኑ ይሆን?» እያለ እንዲጠብቅ ያደረገው ይህ ትረካ ነው። መጽሐፉን ገና ያላነበባችሁ ካላችሁ፣ መጨረሻውን ከዚህ በታች ስለምንነግራችሁ፣ እስቲ መጀመሪያ አንብቡና ተመለሱ!

ገማች አንባቢ አራት ምልክቶችን ይፈልጋል።

1ኛ. ፍላጎትና እንቅፋት። ባለታሪኩ ምን ይፈልጋል? የሚከለክለውስ ምንድን ነው? በዛብህ ሕፃን ሳለ በመታመሙ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር አገልግሎት ተሳሉት። ስለት ምን እንደሆነ በአካባቢያችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ ስለሚያውቅ ይህን ለማስረዳት አንቸገርም። እንግዲህ ይህ የተሳለ ልጅ አድጎ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገባ፤ ወደዳትም። በአንድ ልብ ውስጥ ስለትና ፍቅር ተጋጩ። አንባቢው ከዚህ ላይ ቆም ብሎ «ከሁለቱ አንዱ ሳይሰበር ይህ ታሪክ ሊያልቅ ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

2ኛ. ንግር። ንግር ማለት ደራሲው ወደፊት ለሚሆነው ነገር አስቀድሞ የሚጥለው ፍንጭ ነው። በዚህ መጽሐፍ ትልቁ ንግር ሽፋኑ ላይ ተጽፏል፦ መቃብር። ደራሲው መጨረሻውን ገና ከርዕሱ ነግሮናል ማለት ነው። ታዲያ ለምን እናነባለን? «ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ቢመለስም «እንዴት? በማን ምክንያት? የማን መቃብር?» የሚሉት ገና ስላልተመለሱ ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ጥሩ ግምት የመጨረሻውን ድርጊት ብቻ ሳይሆን ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ጭምር ይመለከታል።

3ኛ. ጠባይ። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የመጣውን ባል ሁሉ «በዘር አይመጥነንም» እያሉ ይመልሳሉ። አንዴ ቢሆን አጋጣሚ እንለዋለን፤ ሲደጋገም ግን ጠባይ ነው። የሰውየው ኩራት ቤታቸውን የሚጠብቅ አጥር መስሏቸው ነበር፤ ልጅቷ ግን በዚያው አጥር ውስጥ ዕድሜዋ ገፋ። አስተዋይ አንባቢ ታሪኩ ገና እኩሌታው ላይ ሳይደርስ «ይህን ቤት የሚያፈርሰው የውጭ ጠላት ሳይሆን የባለቤቱ ኩራት ነው» ብሎ ሊተነብይ ይችላል። ፊታውራሪ በግብር ምክንያት ከገበሬዎቻቸው ጋር ተጣልተው በእነ አበጀ በለው እጅ ሲወድቁ ግምቱ መንገዱን እንደያዘ ያረጋግጣል።

4ኛ. ዘመንና ሥርዓት። ባለታሪክ በባዶ ሜዳ ላይ አይኖርም። ጉዱ ካሣ የባላባቱን ሥርዓት ይነቅፋል፤ ያረጀ ልማድ መለወጥ እንዳለበት ይናገራል፤ ሕዝቡ ግን እንደ እብድ ቆጥሮት «ጉዱ» ይለዋል። አንባቢ ጉዱ ካሣን ስለወደደው ብቻ «ያሸንፋል» ብሎ ቢገምት ይሳሳታል። መጠየቅ ያለበት «ከጎኑ ማን አለ?» ብሎ ነው። ትክክለኛ ሐሳብ የያዘ፣ ነገር ግን ብቻውን የቆመ ሰው በዚያ ዘመን ሥርዓቱን ሊገለብጥ አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው መመስከር ነው፤ እሱም ያደረገው ይህንኑ ነው።

መጨረሻውን እናውቀዋለን። በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሰደዳል። ሰብለ የማትፈልገውን ባል ጥላ በመነኩሴ ልብስ ተሸፍና ፍለጋ ትወጣለች። የምታገኘው ግን በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ነው። እሱ ከሞተ በኋላ መንኩሳ ከመቃብሩ አትርቅም፤ ጉዱ ካሣም ፈልጎ ያገኛታል። አራቱን ምልክቶች የሰበሰበ አንባቢ ይህን ሁሉ በዝርዝር ባይገምትም «የት ሄደን ነው የደረስነው?» ብሎ አይደነግጥም።

ግምት የሚሳሳተው በምንድን ነው?

ብዙ ተማሪ «በዛብህ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ባለጸጋ ሆኖ ተመልሶ ሰብለን ያገባታል» ብሎ ይገምታል። ይህ ግምት ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ከተረት የተወረሰ ነው። በተረት ድሀው ልጅ የንጉሡን ልጅ ያገባል። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» እንኳ፣ ባለታሪኮቹ ጦርነትና ስደት ካየ በኋላ የሚያልቀው በጋብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው አልሰነፈም፤ የአንዱን ዓይነት ድርሰት መለኪያ ይዞ ሌላውን ለካ እንጂ። መምህሩ «ተሳስተሃል፣ ተቀመጥ!» ከማለት ይልቅ «ይህ መጽሐፍ ከተረቱ በምን ይለያል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ አንዱ ስሕተት አንድ ሙሉ ትምህርት ይወጣዋል።

በውጭው ዓለምም ነገሩ እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ ማርቲን የዘንዶና የዙፋን ታሪክ የያዘውን ተከታታይ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1996 ማሳተም ጀመረ፤ አምስተኛው መጽሐፍ በ2011 ወጣ። አንባቢዎቹ የቀጣዩን መጽሐፍ መውጣት እየጠበቁ እያንዳንዱን ንግር ቆጥረው «እገሌ ይነግሣል፣ እገሊት ትሞታለች» ሲሉ ዓመታት አለፉ። በቴሌቪዥን የተሠራው «የዙፋኖች ጨዋታ» ግን መጽሐፉን ቀድሞ በ2019 ተጠናቀቀ። ባሪያዎችን ነጻ ስታወጣ የነበረችው ንግሥት ዴኔሪስ በመጨረሻ እጁን የሰጠውን ከተማ በእሳት አጋየች። ብዙ ተመልካች ተቆጣ። አንዳንዱ «ምልክቱ ከመጀመሪያው ነበረ፤ ጠላቶቿን በእሳት ስትቀጣ እያጨበጨብን ያላየነው እኛ ነን» ሲል፣ ሌላው «ምልክቱ ቢኖርም መንገዱ ተቻኩሏል» አለ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ወገን የተከራከረው በማስረጃ ነው። ክፍላችን ውስጥ እንዲፈጠር የምንፈልገው ክርክር ይህን የመሰለ ነው።

በክፍል ውስጥ አሠራሩ

አንድ መጽሐፍ ለአንድ ሙሉ ክፍል በሆነበት ትምህርት ቤት ይህን ማስተማር ይቻላል ወይ? አዎን፣ ይቻላል። የሬዲዮው ትረካም አንድ መጽሐፍና አንድ ድምፅ ነበር። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የሚከተለውን ሞክሩ።

ሀ) መምህሩ ጥቁር ሰሌዳውን በሦስት ይከፍላል፦ «ምን ይሆናል?»፣ «ከምን ተነሥተን?»፣ «ምን ሆነ?»።

ለ) ለ10 ደቂቃ ያህል ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ነገሩ ሊፈታ ሲል መጽሐፉን ይዘጋል። ተማሪው «ኧረ ጨርሱልን የኔታ!» ቢል አይሰማም።

ሐ) ተማሪዎች በቡድን ሆነው አንድ ግምትና ቢያንስ ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። ምክንያት የሌለው ግምት ሰሌዳው ላይ አይጻፍም።

መ) መምህሩ ቀጣዩን ክፍል ያነባል። ሦስተኛው ዓምድ ይሞላል። ግምቱ ያልሰመረለት ቡድን የትኛውን ምልክት እንዳለፈ ይናገራል።

ሠ) ነጥብ የሚሰጠው ለሰመረው ግምት ሳይሆን ለምክንያቱ ነው። ይህ ዋና ነገር ነው። አንዱ ተማሪ «ሰብለ ትመነኩሳለች» ብሎ ምክንያቱን ቢጠየቅ ዝም ቢል፣ ሌላዋ ደግሞ «ሰብለ ከቤት አትወጣም፤ እስከ ዛሬ የአባቷን ቃል ጥሳ አታውቅምና» ብትል፣ የሳተችው ልጅ ካገኘው ልጅ ይበልጥ አንብባለች። የመጀመሪያው ወይ ከወንድሙ ሰምቷል፣ ወይ ዕጣ ጥሏል።

የሰው ልጅ ልብ ወለድ አይደለም

እጩ መምህራን ሆይ! ከዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የባለታሪክን መጨረሻ መገመት የምንችለው ደራሲው መጽሐፉን ጽፎ ስለጨረሰ ነው። ከፊታችን የተቀመጠው ተማሪ ታሪክ ግን ገና አልተጻፈም። ሆኖም ብዙዎቻችን ገና በመስከረም የክፍል ዝርዝሩን እያየን «ይህኛው ያልፋል፣ ያኛው ለከብት እረኝነት ነው፣ ይህቺም ዘንድሮ ትዳራለች፣ ያኛው ጺም ሲያበቅል ዓረብ አገር ነው የሚሄደው» ማለት ይቀናናል።

ይህ ከንቱ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ውጤት አለው። ሮዘንታልና ጃኮብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ የአሜሪካ ትምህርት ቤት በዕጣ የተመረጡ ልጆችን ለመምህራኑ «እነዚህ ዘንድሮ ይፈካሉ» ብለው ነገሯቸው። በዓመቱ መጨረሻ፣ በተለይ በ1ኛና በ2ኛ ክፍል፣ የተባሉት ልጆች ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። የጥናቱ ዘዴ በኋላ ብዙ ተተችቷል፤ የመምህር ግምት ኃይልም መጀመሪያ እንደታሰበው ትልቅ አለመሆኑን ሌሎች ጥናቶች አሳይተዋል። ቢሆንም ዋናው ነጥብ ለማንም መምህር ግልጽ ነው፦ «አይችልም» ያልነውን ልጅ አንጠይቀውም፤ ካልጠየቅነው አይመልስም፤ ካልመለሰ ደግሞ «አላልኳችሁም?» እንላለን። ግምታችን ሰመረ ማለት ነው፤ ያሰመርነው ግን እኛው ነን።

ፊታውራሪ መሸሻም ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ሰውን የለኩት አጥንት ቆጥረው ነው፤ በፊታቸው የቆመውን አስተማሪ ዕውቀቱንና ጠባዩን ሳያዩ «የማን ልጅ ነው?» ብለው ጨረሱት። ተማሪን በአባቱ ሥራ፣ በመንደሩ፣ በጫማው የሚገምት መምህር መጽሐፉን አንብቦ ፊታውራሪን ሲረግም ቢውል ምን ዋጋ አለው?

በጠቅላላው፣ ባለታሪክን በማስረጃ ገምቱ፤ ተማሪን ግን አስተምሩ። ደመናውን አይቶ ጎርፍ የገመተው ገበሬ እንኳ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ቦይ ጠረገ። በትምህርቷ መሐል ልትዳር ነው ብላችሁ የጠረጠራችኋት ልጅ ካለች፣ ግምታችሁን በልባችሁ ይዛችሁ አትቀመጡ፤ ወላጆቿን አነጋግሩ፣ ርእሰ መምህሩን አሳውቁ። የመምህር ግምት ጥቅሙ ይኸው ነው።

መልመጃ

1. ከምታውቁት የአማርኛ ልብ ወለድ አንድ ባለታሪክ ምረጡና መጨረሻውን አስቀድሞ የሚጠቁሙ ሁለት ንግሮችን ጥቀሱ።

2. ጉዱ ካሣን የሚከተሉ አሥር ሰዎች ቢኖሩ ኖሮ የታሪኩ ልቀት ይለወጥ ነበር ወይ? በምክንያት አስረዱ።

3. ለተግባር ልምምድ በምትሄዱበት ክፍል ውስጥ «አይችልም» ያላችሁትን አንድ ተማሪ በልባችሁ ያዙ። ስሙን አትጻፉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደጠየቃችሁትና ምን ያህል ጊዜ እንደጠበቃችሁት ብቻ መዝግቡ።

የ1ኛውንና የ2ኛውን መልስ በግማሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፉ። የ3ኛው ለራሳችሁ ይሁን።