ሉኪሚያ የሽማግሌ በሽታ ነው?



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ጎግል የደም ካንሰር የሚይዘው 70 ዓመት አካባቢ ያሉትን ነው ይላል። ወንድሜ ግን ገና 35 ዓመቱ ነው። ምርመራው ተሳስቶ ይሆን?»

ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) አንድ በሽታ አይደለም፤ ብዙ ዓይነት አለው። ጎግል ላይ የምታነቡት ደግሞ ባብዛኛው የአሜሪካና የአውሮፓን ሁኔታ ነው። እዚያ አዋቂዎች ላይ በብዛት የሚታየው ሲኤልኤል የሚባለው ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሲታወቅባቸው ዕድሜያቸው 70 ገደማ ነው። ይኸው ሲኤልኤል ጃፓንና ቻይና ውስጥ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚታየው። ምግቡ ይሆን? አየሩ? እንዳንል፣ አሜሪካ ሄደው የኖሩ ጃፓናውያን፣ እዚያው የተወለዱ ልጆቻቸውም ጭምር፣ ቁጥራቸው ዝቅ እንዳለ ነው የቀጠለው። ስለዚህ ዘረ መል ትልቅ ድርሻ አለው ማለት ነው።

ሲኤምኤል ግን ሌላ ነው። የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞዞም ቁራጮች ቦታ ሲለዋወጡ ይፈጠራል፤ ከወላጅ አይወረስም። እዚህ ላይ በጣም የሚለየው ዕድሜው ነው። አሜሪካ ውስጥ ታካሚዎቹ ባብዛኛው 60 ያለፋቸው ናቸው፤ እኛ ጋ ግን ብዙዎቹ በ30ዎቹና በ40ዎቹ ውስጥ ያሉ ናቸው። አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፦ ግማሽ ያህሉ ሕዝባችን ከ20 ዓመት በታች ነው። ወጣት በበዛበት አገር ታካሚውም ወጣት ይሆናል። ሳይመረመሩ የሚያልፉ አረጋውያን መኖራቸውም አይቀርም።

ታዲያ ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሲኤምኤል ጣፊያን ያሳብጣል። ትንሽ በልቶ መጥገብ፣ ከግራ ጎድን ሥር መክበድ፣ መክሳት፣ ሌሊት ላብ ይመጣል። ሰውየው ወጣት ስለሆነ «ጨጓራ ነው» ይባልና ለወራት ኦሜፕራዞል ይውጣል! ጣፊያን ወባም ካላዛርም ያሳብጣሉ፤ ግን ሲቢሲ የሚባለው ቀላል የደም ምርመራ ነጭ የደም ሴል ከልክ በላይ መብዛቱን ያሳያል። እባካችሁ እሱን ሳታሠሩ ወራት አትቁጠሩ።

ሕክምናው አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኢማቲኒብ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ነው፤ በደንብ የሠራላቸው ሰዎች ከጤነኛው ብዙም ያልራቀ ዕድሜ ይኖራሉ። ተሻለኝ ብሎ በራስ ማቆም ግን በሽታውን ይመልሰዋል።

የ70 ዓመቱ አሜሪካዊ የማይጠይቀው፣ የእኛ ታካሚ ግን የምትጠይቀው ደግሞ «መውለድ እችላለሁ?» የሚለውን ነው። ኪኒኑ ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ እህቴ፣ ለማርገዝ ስታስቢ አስቀድመሽ ከደም ሐኪምሽ ጋር ተማከሪ፤ ሳታስቢው ካረገዝሽ ደግሞ ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ደውዪ።