በሒሳብ መዝገብ ያልገባ ወጪ፤ ከኒው ኦርሊንስ የመርከብ ቦይ የሚገኝ ትምህርት

ነጋዴ ዕቃ ሲያስመጣ የግዢውን ዋጋ፣ የመርከብ ኪራዩን፣ የመድኑን ክፍያ፣ ቀረጡንና የመኪና ጭነቱን አንድ በአንድ ደምሮ የመሸጫውን ዋጋ ይወስናል። ከእነዚህ አንዱን የዘነጋ እንደ ሆነ፣ ዕቃው ቶሎ ቢሸጥለትም እንኳ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን ሲዘጋ ኪሳራው ይገለጥበታል። ወደብ የሚሠራ ወይም በባሕር ዳር ቦይ የሚያስቈፍር መንግሥትም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ ነጋዴው የዘነጋውን ወጪ በዓመት ውስጥ ሲያገኘው፣ ባሕሩ ግን ሒሳቡን የሚያቀርበው ከአርባና ከኀምሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህን ሒሳብ አስቀድሞ እንዲያሰላ የሚቀጠረው ባለሙያ የአካባቢ ጥበቃ አማካሪ ይባላል። ውሃው በየት እንደሚሄድ፣ ደለሉ የት እንደሚያርፍ፣ ዛፉና ዓሣው በምን እንደሚኖር መርምሮ፣ የታሰበው ሥራ ምን እንደሚለውጥ በጽሑፍ ያቀርባል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ባለሙያ ሥራ የሚያዘገይ አድርገው ይመለከቱታል። ጥቅሙን በትክክል ለመረዳት ግን በአሜሪካ አገር በሉዊዚያና ግዛት የሆነውን ነገር ማጥናት ይበቃል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦዩ ለምን ተቈፈረ

የኒው ኦርሊንስ ከተማ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የተመሠረተች ታላቅ የንግድ ወደብ ናት። በከተማይቱና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ መካከል ወንዙ በብዙ ሺሕ ዓመታት ውስጥ ባመጣው ደለል የተሠራ ሰፊ ረግረግ አለ። መርከቦች ወደ ከተማይቱ ለመድረስ በጠማማው ወንዝ ላይ መውጣት ነበረባቸው። ስለዚህ የወደቡ ሰዎችና ነጋዴዎች ረግረጉን አቋርጦ በቀጥታ ወደ ባሕር የሚያደርስ አቋራጭ ቦይ እንዲቈፈርላቸው ለብዙ ዓመት ጠየቁ። የአገሩ ምክር ቤት በ1956 ፈቀደ፤ የጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ክፍልም ቁፋሮውን በ1958 ጀምሮ በ1960ዎቹ ዓመታት ፈጸመው። ቦዩ 122 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 11 ሜትር ያህል ጥልቀት ነበረው።

ቁፋሮው ሲጀመር የዱር አራዊትንና የዓሣን ሀብት የሚጠብቁ የመንግሥት ባለሙያዎች፣ ሥራው በረግረጉ ላይ ከባድ ለውጥ እንደሚያመጣ አስታውቀው ነበር። ነገር ግን ማስጠንቀቂያቸው በሥራው ወጪና ትርፍ ስሌት ውስጥ ዋጋ ተሰጥቶት አልገባም።

ጉዳቱ እንዴት መጣ

የመጀመሪያው ምክንያት ጨው ነው። ባዩ ላ ሉትር በተባለው ሥፍራ፣ የባሕሩ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል የተፈጥሮ ጉብታ ነበር። ቦዩ ይህን ጉብታ ሰንጥቆ ስላለፈ ጨው ውሃ ወደ ጣፋጩ ውሃ ገባ። ሳይፕረስ የሚባሉት፣ እግራቸውን በውሃ ውስጥ ተክለው የሚያድጉት ዛፎች ደረቁ። የዛፎቹና የሣሩ ሥር አፈሩን አስሮ ይይዝ ስለ ነበር፣ ሥሩ በሞተ ጊዜ አፈሩም ተበትኖ ሄደ።

ሁለተኛው ምክንያት የመርከቦቹ ሞገድ ነው። እያንዳንዱ መርከብ ሲያልፍ የሚያስነሣው ሞገድ የቦዩን ዳር ይቦረቡር ነበር። ከዚህም የተነሣ ሲቈፈር በውሃው ገጽ ላይ 200 ሜትር ያህል ስፋት የነበረው ቦይ በአንዳንድ ቦታ ከ600 ሜትር አልፎ ሰፋ። በአጠቃላይ ከ10,000 ሄክታር በላይ ረግረግ እንደ ጠፋ ይገመታል።

የታሰበውስ ትርፍ ተገኘን? መርከቦች ከዓመት ወደ ዓመት እየገዘፉ ስለ ሄዱ የቦዩ ጥልቀት አልበቃቸውም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በቦዩ የሚያልፈው ትልቅ መርከብ በቀን አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ደለሉን ለመጥረግ የሚወጣው ገንዘብ ግን በየዓመቱ ይከፈል ነበር።

ሒሳቡ ሲቀርብ

ነሐሴ 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ መጣ። በቦዩ ዳር የተሠራው የአፈር ግድብ በማዕበሉ ተደርምሶ የሴንት በርናርድ አውራጃ መንደሮችና ሱቆች በውሃ ተዋጡ። በዚያ ዐውሎ ነፋስ ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ቦዩ ማዕበሉን ምን ያህል እንዳባባሰው መሐንዲሶች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሆኖም ግድቡን ከሞገድ ይጋርደው የነበረው ዛፍና ረግረግ አስቀድሞ ጠፍቶ ስለ ነበር፣ ግድቡ ራቁቱን ማዕበሉን እንደ ተቀበለ የታወቀ ነው።

የተጎዱት ሰዎች መንግሥትን ከሰሱ። በ2009 አንድ ዳኛ የመሐንዲሶቹ ክፍል ቦዩን በመጠበቅ ረገድ ቸልተኛ ነበረ ብሎ ፈረደ። የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን ሕጉ በእንዲህ ያለ ጉዳይ መንግሥትን ከክስ እንደሚጠብቅ ገልጾ በ2012 ፍርዱን ሻረው። በሌላ ክስ ለባለንብረቶች ካሣ እንዲከፈል የተሰጠው ፍርድም በ2018 ተሻረ። እንግዲህ ባለሱቁ ንብረቱንም አጣ፤ ካሣውንም አላገኘም።

በ2009 በባዩ ላ ሉትር ላይ የድንጋይ ግድብ ተሠርቶ ቦዩ ለመርከብ ተዘጋ። ከተማይቱን ከማዕበል ለመጠበቅ በቦርኝ ሐይቅ ዳር ወደ 3 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የባሕር መከላከያ ግንብ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ተሠራ። የጠፋውን ረግረግ ለመመለስ በ2012 የቀረበው እቅድ ደግሞ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ይጠይቃል። ቦዩን መጀመሪያ ለመቈፈር የወጣው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በታች ነበረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

መልካም ውጤትም አለ። ቦዩ ከተዘጋ በኋላ የውስጡ ውሃ ጨዋማነት ስለ ቀነሰ፣ የሳይፕረስ ችግኝ እንደ ገና እየተተከለ ነው። ነገር ግን ባሕር ዳርን መመለስም የራሱ ተጎጂ አለው። በዚያው ግዛት የወንዙን ደለል ወደ ረግረጉ ለማፍሰስ በ2023 የተጀመረ ሌላ ታላቅ ሥራ፣ ጣፋጩ ውሃ የኦይስተርና የሽሪምፕ ሀብታችንን ያጠፋብናል ያሉት ዓሣ አጥማጆች አጥብቀው ተቃወሙት፤ ወጪውም ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ስለ ነበር ግዛቱ በ2025 ሥራውን ተወው።

ለእኛ ነጋዴዎች የሚሆነው ትምህርት

አገራችን ከ1993 ወዲህ የራስዋ ወደብ የላትም፤ አብዛኛው ዕቃችንም በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ይሁን እንጂ ወደቡ የሌላ አገር ነው ብለን ነገሩን ችላ ልንለው አይገባም። ወደብ ሲጎዳ ጉዳቱ በመርከብ ኪራይ፣ በመድን ክፍያና በዕቃ መዘግየት ተተርጕሞ ወደ ሱቃችን ይደርሳል። ስለዚህ የወደብ ወይም የባሕር ዳር ሥራ እቅድ ሲቀርብና የነጋዴው ድጋፍ ሲጠየቅ አራት ጥያቄዎች መጠየቅ ይገባል።

አንደኛ፤ ውሃው፣ አሸዋውና ደለሉ እስከ ዛሬ በየት ይሄዱ ነበር? ሥራው ይህን መንገድ ይለውጠዋልን?

ሁለተኛ፤ የጥገናውንና የደለል ጠረጋውን ወጪ ማን ይከፍላል? እስከ መቼስ?

ሦስተኛ፤ ከሥራው ትርፍ የማይደርሰው፣ ጉዳቱ ግን የሚደርስበት ማን ነው? ጉዳቱስ በገንዘብ ተገምቶ በሒሳቡ ውስጥ ገብቷልን?

አራተኛ፤ ሥራው የታሰበውን ጥቅም ሳይሰጥ ቢቀር እንዴት ይዘጋል? የመዝጊያው ገንዘብስ ከየት ይመጣል?

ለእነዚህ መልስ የሚሰጠው የአማካሪው ጥናት ነው። ጥናቱም ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት መቅረብ አለበት፤ ቁፋሮው ካለቀ በኋላ የሚቀርብ ጥናት የጉዳት መግለጫ እንጂ ምክር አይባልም።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ነጋዴ የመድን ውሉን ዛሬውኑ አውጥቶ እንዲያነብ እናሳስባለን። ከካትሪና በኋላ ብዙ ባለንብረቶች፣ ውላቸው በነፋስ የደረሰውን ጉዳት እንጂ በጎርፍ የደረሰውን እንደማይሸፍን የተረዱት ውሃው ከገባባቸው በኋላ ነበር። በወደብም ሆነ በመጋዘን ያለ ዕቃችሁ ከጎርፍ ጉዳት የተሸፈነ መሆኑን ከመድን ድርጅታችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም ከውሉ ጋር አያይዛችሁ አስቀምጡ።