ለመነሣት የሚያስቸግር የሞተር መጋዝ

ጠዋት ወደ ባሕር ዛፍ ቆረጣ የወጣ ሠራተኛ የሞተር መጋዙ አልነሣ ቢለው፣ የማስነሻ ገመዱን እየደጋገመ ይስባል። ክንዱ ይዝላል፤ የሥራው ሰዓትም ያልፋል። ሞተር ግን በጉልበት ብቻ አይነሣም፤ ነዳጅ፣ አየርና የእሳት ብልጭታ ሊሟሉለት ይገባል።

በቅድሚያ ማብሪያው መከፈቱ ይረጋገጣል። ቀጥሎ ነዳጁ ይመረመራል። በብዙዎቹ መጋዞች ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የባለሁለት ምት ሞተር ዘይት ይደባለቃል፤ ከ1 ወር በላይ የቆየ ድብልቅ በአዲስ ይተካል። በእንጨት ብናኝ የታፈነ የአየር ማጣሪያም ይጸዳል።

ከዚያ በኋላ ማብሪያው ተዘግቶ ካንዴላው ይፈታል። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰውም፤ የራሰ ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል። ይህም ብዙ ጊዜ የሚሆነው አየር የሚቀንሰው ቾክ ሳይመለስ ገመዱ ያለ ልክ ሲሳብ ነው። ካንዴላው ደርቆና ጥላሸቱ ተጠርጎ ይመለሳል።

በመጨረሻም መጋዙ ነዳጅ ከተቀዳበት ሥፍራ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ፣ መሬት ላይ ተረግጦ፣ የሰንሰለቱ ፍሬን ተይዞ ይነሣል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተሳበ ገመድ ቀላሉን ችግር ያከብዳል።

ጥያቄዎች

1. የራሰና የደረቀ ካንዴላ ስለ ሞተሩ ምን ያስረዳሉ?
2. ምሳሌያዊው አነጋገር ከሠራተኛው አድራጎት ጋር ያለውን ግንኙነት ግለጹ።